የሰልፍ አዳራሹ መቃን

እኔ የተወለድኩት በሰልፍ አዳራሹ ጀርባ በተለጠፈችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። አባቴ ሃምሳ አለቃ ጋወንስ የፈቃደኛ ጦሩ አሠልጣኝ ስለነበር ቤቷ ከሥራው ጋር የምትሰጥ ነበረች። እሱ ሲሞት ማንም ውጪ አላለኝም፤ እኔም ልቀመጥ ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። አዳራሹን እየጠረግኩ፣ ምድጃውን እያነደድኩ፣ ቁልፉን ወገቤ ላይ አንጠልጥዬ እዚያው አረጀሁ። ስለዚህ ስለዚያ አዳራሽ ወሬ ሲነሳ ሰው ቀድሞኝ ሲያወራ ደስ አይለኝም። ኤፊ ጋወንስ ባለችበት ስለ አዳራሹ አፍ መክፈት እንደማይቻል ዌደርሎ ከተማ ውስጥ የማያውቅ የለም።

አዳራሹ የተሠራው ፈረንሳዮች ይወሩናል ተብሎ ነው። አያቶቻችን እንዲህ ተብለው ገንዘብ አዋጡ። ፈረንሳዮች ግን አልመጡም፤ እንኳን እኛ ጋ ሎንዶንም አልደረሱም። ቀዩ ድንጋይ ከተጠረበ፣ የጣራው ብረት ከግላስጎው በባቡር ከመጣ በኋላ ደግሞ ተውት ማለት አይቻልም። እናም የከተማው ወንድ ቀን ፋብሪካ ውስጥ ካልሲ ሲሠራ ይውልና ማታ ማታ ጠመንጃ ተሸክሞ አዳራሹ ውስጥ ግራ ቀኝ ይላል። እንግዳ ሰው ቢያይ ይስቅ ይሆናል፤ እኛ ግን ኮርተንበት ነበር።

ደግሞ ለሰልፍ ብቻ መሰላችሁ? ምርጫው እዚያ፣ የአበባ ውድድሩ እዚያ፣ የልጆች ክትባት እዚያ፣ ዳንሱም እዚያ ነው። ዓርብ ዳንስ ሲኖር ሴቶቹ ወለሉ እንዲያንሸራትት ሻማ ፍቀው ይበትኑና ልጆችን ጆንያ ላይ አስቀምጠው ከጥግ እስከ ጥግ ይጎትታሉ። እንጨቱ መስተዋት ይሆናል። አንድ ጊዜ ታዲያ ዳንሱ ዓርብ ሆኖ የኮሎኔሉ ጉብኝት ቅዳሜ ዋለ። አባቴ ሌሊቱን ሙሉ አመድ ቢያስበትንም ሻማው አልለቅም አለ። ኮሎኔሉ "ወደ ቀኝ ዙር!" ሲል ዞሩ፤ ሁሉም ዞሩ፤ የቆመ ግን አልነበረም። ከበሮ መቺው እስከ በሩ ድረስ በቂጡ ሄደ። አባቴ ለስድስት ወር የዳንስ ኮሚቴዎቹን ሰላም አላለም።

አሁን ወደ መቃኑ ልምጣ፤ ነገሬ እሱ ነው።

ትልቁ በር ግራና ቀኝ ወፍራም የኦክ እንጨት መቃን አለው። አባቴ አዲስ ፈቃደኛ ሲመጣለት ከግራው መቃን ጋር በጀርባው ያቆመዋል። መቃኑ ላይ ቀይ መስመር ተቀብቷል፤ ከዚያ በታች የሆነ ወታደር አይሆንም። ልጁ ቦት ጫማውን ያወልቃል። ካልሲውን ግን አያወልቅም፤ ሴቶች በሚያልፉበት አዳራሽ ባዶ እግር ማሳየት ነውር ነው ብሎ አባቴ ከልክሎ ነበር። ከዚያ አባቴ ጠፍጣፋ እንጨት አናቱ ላይ ያሳርፋል። ከመስመሩ በታች ከሆነ "ሂድ ገንፎህን ብላ!" ይለዋል። በላይ ከሆነ ግን ኪሱ ያለውን ሰንጢ ያወጣና ልክ አናቱ ላይ መቃኑን ጭሮ ከጎኑ የስሙን መነሻ ፊደሎች ይቀርጻል። "ሰው ይዋሻል፣ መቃኑ ግን አይዋሽም" ይል ነበር አባቴ። ሌላው ሠራዊት እንዲህ ያደርግ እንደሆነ አላውቅም። እኛ ጋ ግን ሳይጫር ወታደር የሆነ አልነበረም።

ከዚያ ያ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ። ልጆቹ በትልቁ በር ተሰልፈው ወጡ። በዓመቱ ዳርዳኔልስ የሚባል ማንም ሰምቶት የማያውቅ አገር ላይ በአንድ ቀን ረገፉ። ፋብሪካው ሦስት ቀን ተዘጋ። ያኔ ልጅ ብሆንም የካልሲ መኪናዎቹ ድምፅ ሲጠፋ ከተማው ምን እንደመሰለ አሁንም ትዝ ይለኛል። አስከሬን አልመጣም፣ መቃብር የለም። ሰው ማልቀሻ ሲያጣ ምን ያድርግ? እናቶቹ አንድ በአንድ ወደ አዳራሹ መምጣት ጀመሩ። እኔ በሩን እከፍትላቸዋለሁ። መቃኑ ጋ ይሄዱና እጃቸውን የልጃቸው ጭረት ላይ ያደርጋሉ፤ አንዳንዷ ደግሞ ከዚያ ወረድ አድርጋ ፊቱ በሚሆንበት ቦታ ላይ እንጨቱን ትዳብሳለች። እንጨቱ ከመዳበስ ብዛት እዚያ እዚያ ጋ አብረቀረቀ።

ከሁሉም የበለጠችው አይሊ ሂስሎፕ ናት። ወንድሟ ጋቪን ሲሄድ እሷ ገና ስድስት ዓመቷ ነበር። የጋቪን ጭረት ከቀዩ መስመር ትንሽ ነው ከፍ የሚለው፤ ከመቃኑ ጭረቶች ሁሉ ዝቅተኛው ነው ማለት ይቻላል። ለአይሊ ግን ተራራ ነበር። እናቷ በልደቷ ቀን ሁልጊዜ ታመጣትና ከሥሩ ታቆማታለች። "ገና ነሽ፤ ገና ወንድምሽ ጋ አልደረስሽም" ትላታለች። አይሊ አድጋ እስክትጨርስ ድረስ አልደረሰችበትም። ትንሽ ሴት ናት፤ ሂስሎፖች ሁሉ አጫጭር ናቸው። እናቷ ከሞተች በኋላም መምጣቷን አልተወችም። ባል አግብታ፣ ወልዳ፣ ባሏን ቀብራ፣ ፀጉሯ ነጭ ሆኖ እንኳ ከገበያ ስትመለስ ጎራ ትላለች፤ ዘንቢሏን ታስቀምጥና እጇን ዘርግታ የጋቪንን ጭረት ትነካለች። ፎቶግራፍ የላቸውም። ስለ ጋቪን የምታስታውሰውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትከሻው ላይ አስቀምጧት የመንገድ መብራት ሲያስነካት። "ኤፊ፣ እኔ እኮ ፊቱን አላስታውሰውም። ቁመቱን ነው የማውቀው" ብላኛለች።

እንግዲህ እኛ እንዲህ እንዲህ እያልን ስንኖር መንግሥት ፈቃደኛ ጦሩን አጥፎ ከሌላ ጋር ደባለቀና አዳራሹ ይሸጥ ተባለ። ገዢው አውቶቡስ ያለው ሚስተር ስኩላር ሆነ። ክፉ ሰው ነው ማለት አልችልም። መጀመሪያ ቀን መጥቶ ባርኔጣውን አውልቆ "ሚስ ጋወንስ፣ እርስዎ ከቤትዎ አይነቃነቁም፤ አውቶቡስ የሚጠብቅልኝ ሰው እፈልጋለሁ" አለኝ። እኔም "ጎማ እጠቢ ካልተባልኩ ይሁን" አልኩት። ችግሩ በሩ ነው። አውቶቡስ በዚያ በር አይገባም። መቃኑ መነሳት አለበት።

ይህን ስትሰማ አይሊ ፊቷ አመድ መሰለ። እኔ ደግሞ እንደዚያ ሆና አይቻት ስለማላውቅ ደነገጥኩና ሚስተር ስኩላርን አላስቀምጥ አልኩት። ሰውየው ስብሰባ ጠራ።

ስብሰባው ቅዳሜ ከሰዓት እዚያው አዳራሹ ውስጥ ሆነ። ሻይ አፈላሁ፤ ሰው ሞላ። ሚስተር ስኩላር መድረኩ ላይ አልወጣም፤ በሩ ጋ ቆሞ ነው የተናገረው።

"እኔ ከእናንተ ጋር ጠብ የለኝም" አለ። "መቃኑን ለማን እንደምሰጥ ንገሩኝ፤ ራሴ ተሸክሜ አደርስላችኋለሁ። ግን ሰኞ ጠዋት አናጢዎቼ ይመጣሉ። እስከ ሰኞ ካልተስማማችሁ ግቢው ውስጥ ነው የማጋድመው፤ ዝናብ ቢመታው እኔን እንዳትሉኝ።"

ቄሱ ቀድመው ተነሱ። "ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ይቁም፤ የሁላችንም ይሆናል" አሉ።

"የሁላችንም ማለት የማንም ማለት ነው" አለ ሥጋ ሻጩ በርኒ። "የእኔም አጎት እዚያ ላይ አለ። ለምን በመጋዝ አይቆረጥም? ሁሉም የራሱን ይዞ ቤቱ ይገባል፤ አለቀ።"

"አንተ ደግሞ ሁሉ ነገር ሥጋ ይመስልሃል! ለማን ከጎን፣ ለማን ከሽንጥ ልትሰጥ ነው?" አልኩት። ሰው ሳቀ፤ እሱም ሳቀ፤ ግን ሐሳቡን የወደዱት ነበሩ። አንገታቸውን ሲነቀንቁ አይቻለሁ።

አይሊ ተነሳች። በሕይወቷ ሰው ፊት ተናግራ አታውቅም፤ የኮቷን ቁልፍ እየነካካች ነበር።

"ከተቆረጠማ ምን ቀረው?" አለች። "አንድ እንጨት ላይ ያለ ጭረት ነው የሚሆነው፤ ድመትም ትጭራለች። ጭረቱ ጋቪን የሚሆነው እግሩ ወለሉን ሲነካ ነው። ከታች እስከዚያ ድረስ ነው እሱ። ለእኔ ስጡኝ። ቤቴ ጣራው ዝቅ ያለ ስለሆነ ከላይ ይቆረጥ፤ ከታች ግን አንዲት ፍርፋሪ እንዳትነኩ። የመጣ ሁሉ ቤቴ ገብቶ የራሱን ያያል፤ ሻይም አጠጣዋለሁ። እናንተ አጎታችሁን አላወቃችሁትም። እኔ ከዚህ ሌላ ምንም የለኝም።"

በርኒ ግን "ምነው አይሊ፣ እናቴ በሞተች በወሩ ከሷ የተረከብኩትን የአጎቴን ጭረት ልስጥሽ?" አለና እንደገና ተንጫጫ። አንዱ ለሙዚየም፣ አንዱ ለመጠጥ ቤቱ፣ አንዷ ለትምህርት ቤት አለች። መጨረሻ ላይ ቄሱ እጃቸውን አነሱ።

"ከዚያ ጦርነት በፊት ከተጫሩት መካከል በሕይወት ያለው ዳንድ ብቻ ነው። ዳንድ ይወስን፤ እኛም እንቀበል።"

ዳንድ ቴት ምድጃው ጥግ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። የጋቪን ጓደኛ ነው፤ አብረው ፋብሪካ ገቡ፣ አብረው ተጫሩ፣ አብረው ሄዱ፣ እሱ ብቻውን ተመለሰ። ሲናገር ሰው ያስቃል፤ ጡረታ ወጥቶ እንኳ እኔንና አይሊን "እናንተ ልጆች" ነው የሚለን። ያን ቀን ግን አልሳቀም። ቀና ብሎ እንኳ አላየንም።

"አቃጥሉት" አለ።

"ምን አልክ?"

"አቃጥሉት ነው ያልኩት። ምድጃው ይኸው። ውሸታም እንጨት ነው።"

እኔ እንዲያ ዓይነት ነገር ሰምቼ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። የሻይ ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ አጮህኩት። "አንተ ሰውዬ! አባቴን ነው ውሸታም የምትለው? አባቴ በዚህ መቃን ላይ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን አጭበርብሮ አያውቅም!"

"አባትሽ አልዋሸም ኤፊ" አለ ቀስ ብሎ። "ካልሲው ነው የዋሸው።"

"የምን ካልሲ?"

"የጋቪን ካልሲ። እኔ ነኝ የሠራሁለት።" ኮፍያውን አጣመመው። "ልጁ ባሕር አይቶ አያውቅም ነበር። ማናችንስ አይተናል? በሐምሌ ጦሩ በባሕር ዳርቻ ለሥልጠና ሊሰፍር ነው ተባለ፤ ድንኳን፣ ሙዚቃ፣ ባሕር። ለጦርነት ማን አሰበ! እኔ ተለካሁ፣ አለፍኩ። እሱ ግን አጭር ነው። ዕድሜውም ገና ነበር፤ አሥራ ሰባት ነኝ ይላል እንጂ አሥራ አምስቱን ገና ማለፉ ነው። አልቅሶ ሊሞት ሆነ። እኔም ከካልሲ መኪናው ላይ ወፍራሙን ሱፍ ወስጄ መርገጫው የተደራረበ ካልሲ ሠራሁለት። ተረከዙ ውስጥ የሱፍ ንጣፍ በንጣፍ ላይ፤ እየታጠበ እየተመታ እንደ ጣውላ የጠነከረ። ከላይ ስታይው ካልሲ ነው። ሃምሳ አለቃው ቦት ጫማውን አስወለቀው፣ ከመቃኑ ጋር አቆመው፣ ጫረው። 'ጎበዝ' አለው። ያ ነው ነገሩ። ሃምሳ ዓመት ይቺ ልጅ እጇን ባልነበረበት ቦታ ላይ ስታደርግ እያየሁ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ ቤቷ ልታስገባው ነው። እኔ አልችልም። አቃጥሉት።"

አይሊ አልጮኸችም። "በስንት?" ብቻ አለች።

"ሦስት ጣት።"

ዘንቢሏን አነሳችና ወጣች። ቄሱ ሊከተሏት ሲሉ እጃቸውን ያዝኳቸው። ስብሰባው እንደዚያው ተበተነ፤ ሻዩንም የጠጣው የለም።

እሁድን ሙሉ ተናድጄ ዋልኩ። የተሸጠ አዳራሽ ወለል በውኃና በሳሙና አሸሁ፤ እጄ ሥራ ካልያዘ የሆነ ነገር እሰብራለሁ ብዬ ፈራሁ። በዳንድ ተናደድኩ። ከዚያ በአባቴ ተናደድኩ። አባቴ ከዓሣ አጥማጆች አገር የመጣ ሰው ነው፤ ዓሣ ብታቀርብለት ዓይኑን አይቶ መቼ እንደተያዘ ይነግርሃል። ግን ወይ ጉድ! ወንዱም ሴቱም ልጁም ካልሲ በሚሠራበት ከተማ ካልሲ ማመን ምን ይሉታል? ባዶ እግሩን ቢያቆመው ኖሮ "ሂድ ገንፎህን ብላ" ይለው ነበር፤ ጋቪንም እስከ ዛሬ ጡረታ ወጥቶ ከዳንድ ጋር ይጨቃጨቅ ነበር። ሴቶች እንዳያዩ ብሎ! የትኛዋ ሴት ናት የልጅ እግር አይታ የምትወድቀው? አባቴን እወደው ነበር፤ አሁንም እወደዋለሁ። ያን ቀን ግን አጠገቤ ቢኖር ምን እንደምለው አላውቅም።

ሰኞ ማለዳ በሩን ስከፍት አይሊ ቆማለች። ዳንድን በክንዱ ይዛዋለች፤ ጎትታ እንዳመጣችው ያስታውቃል። ያደረው ጢሙ አልተላጨም።

"አናጢዎቹ ሳይመጡ" አለችኝ፤ ወደ እሱ ዞራ ደግሞ "በል አሳየኝ" አለችው።

"ምኑን?"

"የት ጋ እንደነበረ። ሦስት ጣት አላልክም? ከየት እንደምታውቀው ንገረኝ፣ ከዚያ አሳየኝ። እንዲሁ በግምት ከሆነ ግን ዋ!"

"ግምት አይደለም" አለ ዳንድ። "ካልሲውን ከመሥራቴ በፊት ምን ያህል እንደሚጎድለው ማወቅ ነበረብኝ። እሁድ ቀን ልጆች ከጸሎት ትምህርት ሲወጡ በሩ ክፍት ነበርና ገብተን እዚሁ በባዶ እግሩ አቆምኩት። ከአናቱ እስከ ቀዩ መስመር ሁለት ጣት ጎደለው። እኔ ለሦስት ሠራሁለት፤ ልጅ አልነበርኩ፣ እንዳይነቃበት ብዬ አንድ ጣት ጨመርኩለት። ስለዚህ ሃምሳ አለቃው ከጫረው ሦስት ጣት ዝቅ በይ።" እጁን አነሳና መልሶ አወረደው። የመገጣጠሚያ በሽታ ጣቶቹን እንደ ካሮት አሳብጧቸዋል። "በእኔ ጣት አይሆንም። ያኔ ቀጭን ነበር ጣቴ። አንቺ አድርጊ።"

አይሊ ጓንቷን አወለቀች። እጇን ዘረጋችና ሦስት ጣቶቿን አጋጥማ ከጭረቱ ሥር አሳረፈች። ከጣቶቿ በታች ያለው እንጨት ምንም አልነበረበትም። እዚያ ጋ ማንም ዳብሶት አያውቅም፤ አላበራም።

"እዚህ ጋ?"

"እዚያ ጋ።"

"ኤፊ፣ እጅሽን እዚህ አድርጊልኝ፤ እንዳታነቃንቂ።"

መዳፌን በጠርዙ እንጨቱ ላይ ጠፍጣፋ አድርጌ ያዝኩላት። እሷ ባርኔጣዋን አወለቀች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ካልሲዋንም አወለቀች። ያን ስታደርግ ዳንድ ወደ ሌላ ዞረ። ቀዝቃዛው ወለል ላይ በባዶ እግሯ ቆመች፤ ጀርባዋን ከመቃኑ ጋር አስተካከለች። ነጩ ፀጉሯ ከመዳፌ ሥር ገባና ነካኝ። ልክ ነው። ወረቀት አያስገባም፣ ወረቀትም አይተርፍም።

"ነካሽኝ?" አለች።

"ነካሁሽ።"

ወደ ፊት ነው የምታየው፤ ባዶው አዳራሽ ውስጥ፣ አንድ ሰው ፊት ለፊቷ የቆመ ይመስል።

"ደርሼበት ነበር እኮ" አለች። "እኔ እኮ ይህን ያህል የሆንኩት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ደርሼበት ነበር። እናቴ 'ገና ነሽ' ስትለኝ ደርሼበት ነበር።" ዳንድን ቀና ብላ አየችው። "ዳንድ፣ እናቴ አታውቅም ነበር?"

ዳንድ ሲያመነታ አየሁት። "አይሊዬ" አለ፤ በሕይወቴ አይሊዬ ሲላት ሰምቼው አላውቅም። "ሱሪውን የምታሳጥርለት ማን ነበረች? ልኩን ከእሷ በላይ የሚያውቅ ሰው አለ? ልጄ ትንሽ ነበር ማለት አቅቷት ይሆናል። እኔ ምን አውቃለሁ።"

ያኔ አለቀሰች። ሲያለቅሱ አፋቸውን የሚሸፍኑ ሰዎች አሉ፤ እሷ አልሸፈነችም። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ለምን እዋሻለሁ። ዳንድ ኮፍያውን እያጣመመ መሐላችን ቆመ፤ ከሁለታችን ማንኛችንን እንደሚያባብል ግራ ገባው።

እንባዬን ጠርጌ የአባቴን ሰንጢ ከመደርደሪያው አመጣሁ። እስካሁን ድረስ ይቆርጣል፤ ድንች የምልጠው በሱ ነው። "እዚህ ጋ ልጫርልሽ" አልኳት። "ትክክለኛው ቦታ ላይ። አባቴ ያበላሸውን እኔ ላስተካክል።"

አይሊ እጄን ያዘች። "ቆይ" አለችና ወደ ዳንድ ዞረች። "ባሕሩን ግን አየው?"

"ምን?"

"ለባሕሩ ብሎ አይደል እንዴ? አየው ወይ ነው የምልህ።"

ዳንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። "አየው ወይ ትላለች! ከባቡር ወርደን ሻንጣ ሳናስቀምጥ ጠፋ። ፈልጉት ተባልን። ልብሱን እንደለበሰ ውኃው ውስጥ እስከ ደረቱ ገብቶ አገኘነው። ሃምሳ አለቃው ከዳር ሆኖ ይጮኻል፤ እሱ አይሰማም። ማዕበሉ ሲመጣ ይጥለዋል፣ ይነሳል፣ እንደ እብድ ይስቃል። 'ዳንድ፣ ጨው ነው! እውነትም ጨው ነው!' እያለ ነበር የሚጮኸው። የሚነግሩት ሁሉ ቀልድ ይመስለው ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከውኃው አልወጣም። ካልሲውም እዚያው ቀረ፤ ማዕበል ወሰደው።"

"ያንን ለምን አልነገርከኝም ነበር?" አለች አይሊ። የተቆጣች አትመስልም፤ ግን ጠየቀችው።

"ያንን ብነግርሽ ይሄን ልነግርሽ ነዋ።"

አይሊ ወደ መቃኑ ተመለሰች። አባቴ የጫረውን፣ ያን የውሸት ጭረት፣ በአንድ ጣቷ ነካችው። "ሰንጢውን መልሽ ኤፊ። ይሄ እንዳለ ይሁን። የሚፈልገው ይሄን ቁመት ነበር፤ አግኝቶታል፤ አንቀማውም።" ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ካልሲዋን ማጥለቅ ጀመረች።

ሚስተር ስኩላር ከሁለት አናጢዎች ጋር ሲገባ ያገኘን እንዲህ ሆነን ነው። አይሊ መሬት ተቀምጣ አንድ እግሯ ባዶ፣ እኔ ሰንጢ ይዤ፣ ዳንድ ግድግዳውን እያየ። ሰውየው ወደ ኋላ ሊመለስ ቃጣው።

"ይቅርታ... ተስማማችሁ ወይስ ገና ናችሁ?" አለ። "ሚስስ አይሊ፣ እኔ እንኳ ሌሊቱን ሳስብ ነው ያደርኩት፤ ለእርስዎ ነው መስጠት ያለብኝ ብያለሁ። ማንም ይናገር። ዛሬውኑ ቤትዎ አደርሰዋለሁ።"

አይሊ ሁለተኛውን ካልሲ አጠለቀች፤ ጫማዋን አደረገች፤ እጄን ሰጠኋትና ተነሳች።

"ለቄሱ ስጡት" አለችው። "ብቻ እንዳይቆረጥ፤ እግሩም መሬት ይንካ። እኔ አያስፈልገኝም ሚስተር ስኩላር። የጋቪንን ቁመት እኔው ይዤው ነው የምዞረው።"

ባርኔጣዋን አደረገች፣ ዳንድን በክንዱ ያዘችና በትልቁ በር ወጡ።